ሽማግሌ የተላከበት ድምፅ

ሰብለወንጌል ለምርጫ ስትወዳደር ያቃታት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ «ምረጡኝ» ማለት። ሌላው ሁሉ ተሳክቶላታል። ፎቶዋ አምሮ ወጥቷል። ጣልያንኛዋ የሮም ልጅ ያሰኛታል። ለሠራተኛ ሰው ወረቀት በነፃ በሚያስጨርሰው ቢሮ፣ በፓትሮናቶ፣ ብዙ ዓመት ስለ ሠራች፣ በሮም ሰፈሮች በኤስኲሊኖና በካስትሮ ፕሬቶሪዮ ከሚኖረው ሐበሻ መካከል የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ፔርሜሶውን፣ ወይም የጡረታ ወረቀቱን በእሷ እጅ ያላስሞላ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ብቻ ያቺ ቃል ጉሮሮዋ ላይ ስትደርስ እንደ ዓሣ አጥንት ትሰነቀራለች።

ሰብለ ጥፋቱን በእናቷ ታሳብብ ነበር። «ሌላ ያመስግንሽ እንጂ አፍሽ አያመስግንሽ» እያሉ ነው ያሳደጓት። በልጅነቷ ሰው ቤት ሄዳ «ብዪ እንጂ» ስትባል፣ ደጋግማ እንቢ ሳትል እጇን የዘረጋች እንደሆነ፣ ቤት ስትመለስ ቁንጥጫ ይጠብቃታል። እንዲህ ተደርጋ የተሠራችን ሴት ከአርባ ዓመቷ በኋላ አደባባይ አውጥቶ «ከእነዚህ ሁሉ እኔ እሻላለሁ» በዪ ማለት፣ ዶሮን ወንዝ ዳር አቁሞ ዋኚ እንደ ማለት ነው።

ታዲያ ምን አስገባት? ሐሙስ ነው ያስገባት። በሮም ሰው ቤት እያደሩ የሚሠሩ ሴቶች የሚያርፉት ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነው። እሑድስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ሐሙስ ግን መሄጃ የለም። በፒያሳ ቪቶሪዮ ቅስቶች ሥር፣ አለዚያም በቴርሚኒ ጣቢያ አግዳሚ ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ። ቡና ቤት ገብቶ በአንድ ካፑቺኖ ግማሽ ቀን ለመቆየት ደግሞ የአሳላፊው ዓይን አያስቀምጥም። ከአደባባዩ ትንሽ አለፍ ብሎ ደግሞ የክፍለ ከተማው፣ ማለትም የሙኒቺፒዮው፣ አንድ አዳራሽ አለ። ወንበር አለው፣ ማሞቂያ አለው፣ ሐሙስ ሐሙስ ግን ተቆልፎ ይውላል። ሰብለ የሙኒቺፒዮ ምክር ቤት ወንበር የፈለገችው ያንን በር ለማስከፈት ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ እናቷን በዚያ አግዳሚ ላይ እያየች አድጋለችና ነገሩ ለእሷ ቀልድ አልነበረም።

የዕጩዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገቧት ዶክተር ማውሮ የሚባሉ የሰፈሩ የጥርስ ሐኪምና የዝርዝሩ መሪ ናቸው። ሕጉ በእያንዳንዱ የዕጩዎች ዝርዝር ላይ ሴቶች እንዲኖሩ ያስገድዳል፤ ዶክተር ማውሮ ደግሞ የወንድ እጥረት ገጥሟቸው አያውቅም። «ሰብለ፣ ስለ አንቺ ለረጅም ጊዜ ሳስብ ቆይቻለሁ» አሏት። ዝርዝሩ የሚዘጋው በማግስቱ ነበር።

የመጀመሪያው የቅስቀሳ ቀን በኤስኲሊኖ ገበያ፣ ከአትክልቱ ተራ ፊት ለፊት ሆነ። ዶክተር ማውሮ አንድ ጥግ ላይ ቆመው ይታዘባሉ። ሰብለ ፎቶዋ ያለበትን ወረቀት ሽንኩርት ለምትመርጥ አንዲት የምታውቃት ሴት ሰጠቻት።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ምንም አይደለም። ይሄ የምርጫ ነገር ነው።»

«ውይ! አንቺ ነሽ እንዴ ፎቶው ላይ?»

«እንግዲህ አስገቡኝ። ሰው ጠፍቶ ነው።»

«እንግዲህ፣ አሎራ፣ አንቺን ልምረጥ?»

«ኧረ እንደ ፈቀድሽ! ሌሎቹም እኮ ጥሩ ጥሩ ሰዎች ናቸው። ያቺ ከወዲያኛው ዝርዝር ያለችው ሎሬዳና የምትባለው በጣም ጎበዝ ናት ይላሉ።»

ሴትዮዋ አመስግናት፣ ሽንኩርቷን በወረቀቱ ጠቅልላ ሄደች። ዶክተር ማውሮ ጠጋ ብለው ምን እንደ ተባባሉ ጠየቁ። ሰብለ መዋሸት ስለማትችል አንድ በአንድ ተረጐመችላቸው። ሰውዬው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አሳረፉ።

«ሰብለ፣ ለተቀናቃኛችን ቀሰቀስሽ እኮ!»

«ጨዋነት ነው፣ ዶክተር።»

«በዚህ ጨዋነትሽ ሎሬዳና የከተማው ከንቲባ ትሆናለች።»

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ሰብለ ከቅስቶቹ ሥር ሄዳ እትዬ ጤናዬ አጠገብ ተቀመጠች። እትዬ ጤናዬ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ቤት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል፤ ሐሙስን ግን አልተውም። ሰው ቢጣላ አስታራቂ፣ ሰው ቢሞት መርዶ ነጋሪ እሳቸው ናቸው። ሰብለ የገበያውን ውሎ ነገረቻቸው፤ እንዲስቁላት ብላ። አልሳቁም።

«አንቺ ራስሽ ነሽ እንዴ የምትጠይቂው?» አሉ። «በገዛ አፍሽ?»

«ምን ላድርግ እትዬ? የዚህ አገር ወግ እንደዚህ ነው።»

«በዚህ አገር ውሻ ከሰው ጋር ምግብ ቤት ይገባል። ያየነውን ሁሉ ልናደርግ ነው? እስቲ ንገሪኝ፤ አንድ ጐረምሳ ልጅቷን ሲፈልግ ራሱ ቤቷ ሄዶ ‹እኔ መልከ መልካም ነኝና ስጡኝ› ይላል?»

«አይልም።»

«ማን ይሄድለታል?»

«ሽማግሌ።»

«በቃ! አለቀ!»

ከወዲያ በኩል ካልሲ የሚሠሩት እትዬ አበበች ቀና አሉ። «እውነቷን ነው። ድምፅም እኮ ከቤት የሚወጣ ነገር ነው። ዝም ብሎ መንገድ ላይ አይለመንም።»

ሰብለ ከደረቷ ላይ ድንጋይ የተነሣላት መሰላት። ለካ መውጫው እዚሁ አጠገቧ ነበር! እሷ ዝም ትላለች፤ ስለ እሷ ሌላ ሰው ይናገራል። ጨዋነቷም ምርጫዋም አይጎድልባትም። እንዲህ ያለ ብልሃት ለዶክተር ማውሮ አለመገለጡ እንኳ አሳዘናት።

ሽማግሌ ሦስት ይሁን ተባለ። እትዬ ጤናዬና እትዬ አበበች አሉ። ወንድ የሌለበት ሽምግልና አይደምቅም የሚል እንዳይጠፋ ደግሞ ከሆቴል ሻንጣ ተሸካሚነት ጡረታ የወጡት አቶ ወንዳፍራሽ ተጨመሩ፤ ምንም እንዳይናገሩ፣ በየመሐሉ ሳል ሳል እያሉ ራሳቸውን ብቻ እንዲነቀንቁ ተነግሯቸው። ሰብለ ለዶክተር ማውሮ «ሦስት የተከበሩ ሰዎች ቤት ለቤት ሊዞሩልኝ ነው» ስትላቸው፣ «ብራቪሲማ!» ብለው ሊስሟት ምንም አልቀራቸው።

መጀመሪያ የሄዱት ወይዘሮ ሐይማኖት ቤት ነው። ወይዘሮ ሐይማኖት የሴቶቹ መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። እሳቸው፣ ባለቤታቸውና ለአካለ መጠን የደረሱት ልጆቻቸው ሁሉ የጣልያን ዜጋ ስለሆኑ ይመርጣሉ። ከዚያም በላይ፣ እሳቸው እሺ ያሉትን ነገር እንቢ የሚል ቤት በሰፈሩ የለም። ሰብለ አብሬ ልሂድ ብትል እትዬ ጤናዬ ተቆጧት፤ «ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር ሲሄድ የት አይተሻል?» ስለዚህ ፎቁ ሥር ካለው ቡና ቤት ቁጭ ብላ ጥፍሯን ስትበላ ቆየች።

ሽማግሌዎቹ ሲወርዱ ፊታቸው በርቶ ነበር።

«ተነሥተው ተቀበሉን» አሉ እትዬ ጤናዬ። «ተቀመጡ አሉን። ‹ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም› አልን።»

«ጉልበቴ እየተብረከረከ» አሉ አቶ ወንዳፍራሽ።

«አንተን ማን ጠየቀህ? ‹ልጃችን ሰብለወንጌል ለሙኒቺፒዮ ተነሥታለች፤ የቤታችሁን ድምፅ ለልጃችን እንድትሰጡን ልንጠይቅ መጣን› አልኩ። ሐይማኖት ለትልቋ ልጇ የመጣን መስሏት፣ እሷን ፀጉርሽን ተሠሪ ብላ ወደ ጓዳ ልካት ነበር። ነገሩ ሲገባት ደግሞ ይባስ ደስ አላት። ‹እስከ ዛሬ በዚህ አገር እንደዚህ አክብሮ ድምፅ የጠየቀን የለም› አለች። ከዚያ ቁጭ አልን። ዶሮ ቀረበ።»

«ዶሮ?»

«ያውም በእንቁላል።»

ዶሮውን ስትሰማ የሰብለ ልብ ሞላ። እንቢ ለሚባል ሰው ዶሮ የሚያቀርብ ቤት የለም። «ታዲያ እሺ አሉ?» ብሎ መጠየቅ ከአፏ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ግን ስግብግብ ያስመስላል ብላ ተወችው። ወዲያው ለዶክተር ማውሮ «ያ ቤት የእኛ ነው» ብላ ጻፈችላቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለሰብለ የሠርግ ሰሞን ነበር። ሽማግሌዎቹ ከቤት ቤት ዞሩ። የተቀበላቸው ሁሉ በክብር ተቀበላቸው፤ አቶ ወንዳፍራሽ ቀበቷቸውን አላሉ፣ እትዬ አበበች ስኳራቸው ወጣ። ፒኜቶ ድረስ ሄደው አንድ ቤት ጠየቁ። ፒኜቶ ሌላ ሙኒቺፒዮ ስለሆነ እዚያ የሚኖር ሰው ሰብለን መምረጥ እንደማይችል ብትነግራቸው እትዬ ጤናዬ፣ «እናውቃለን፤ ግን ጎረቤታቸው የነበረውን ጠይቀን እነሱን ብንዘል ይቀየሙናል» አሏት። ዶክተር ማውሮም የቤቶቹን ብዛት ሲሰሙ ሰብለን በስሟ መጥራት ትተው «ኮንሲሊዬራ» ይሏት ጀመር፤ የምክር ቤት አባል ማለታቸው ነው።

ሰብለም አመነች። ለቃለ መሐላው ቀን የምትለብሰውን ጃኬት ገዛች። በመስታወት ፊት ቆማ፣ ተመርጠሻል ስትባል የምታሳየውን ፊት ተለማመደች። ደስታው እንዳይበዛ፣ «ውይ፣ እኔን ነው?» የሚል መገረም እንዲኖርበት፣ ትንሽም እንባ ቢገኝ ብላ ደጋገመችው። እንባው ብቻ አልመጣላትም።

ምርጫው መስቀል ካለፈ በኋላ ባለው እሑድ ተጀምሮ ሰኞ ከምሳ በኋላ የሚዘጋ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰብለ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወይዘሮ ሐይማኖትን አየቻቸውና የተለማመደችውን ፊት ትንሽ ቀንሳ ቀረበቻቸው።

«እንደምን አሉ፣ እትዬ ሐይማኖት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ያንቺን ነገር እየመከርንበት ነው።»

«እየመከሩበት?»

«እህ! ሽማግሌ ተልኮብን ሳንመክር? ባለቤቴ ይሁን ብሏል፤ እኔም ይሁን ብያለሁ። በቀጠሮው ቀን ይመጡና መልሳችንን ይሰማሉ።»

«ቀጠሮው መቼ ነው እትዬ?»

«የሚመጣው እሑድ ነዋ።»

«ምርጫው እኮ ዛሬና ነገ ነው።»

«ይሁና! በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል ቤት ልጁን የጠላ ቤት ነው። አንቺንስ ቢሆን ማን ያከብርሻል፣ ወዲያው ብንሰጥሽ?»

«እስከዚያ... አትመርጡኝም ማለት ነው?»

«መልስ ሳንሰጥ እንዴት አድርገን እንመርጥሻለን ልጄ?» አሉ ወይዘሮ ሐይማኖት፣ አስተዳደጓ አሳስቧቸው።

ሰብለ ሽማግሌዎቹን ከግቢው ዛፍ ሥር አገኘቻቸው። ቀጠሮው ከምርጫው በኋላ እንደሆነ አስተውለው እንደሆነ ጠየቀች።

«በደንብ አስተውለናል» አሉ እትዬ ጤናዬ።

«ታዲያ ምነው ዝም አላችሁ?»

«ቀኑን የሚቆርጠው የሚሰጠው ቤት ነው። አሳጥሩልን ብንል ምን ይሉናል? ልጅቷ ላይ አንድ ነገር ቢኖር ነው ይላሉ። ችኮላ ያስጠረጥራል።»

«ሌሎቹስ ቤቶች? ሁሉም ቀጠሮ ሰጡ?»

«ሁሉም። ሐይማኖት ከሰጠችው ቀን አስቀድሞ የሚሰጥ ማን አለ? ወዲያው እሺ ያለ አንድ ቤት ብቻ ነው።»

«የቱ?»

እትዬ ጤናዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የፒኜቶው።»

ሰብለ ዛሬውኑ ተመልሰው እንዲሄዱላት ለመነች። እትዬ ጤናዬ ከቀጠሮ በፊት ደጅ የሚቆም ሽማግሌ ለማኝ ነው ብለው አሻፈረኝ አሉ። እትዬ አበበች ብቻ፣ በቀስታ፣ «ካልሆነ ራሷ ብትሄድስ?» አሉ።

«ሽማግሌ ልካ ራሷ?» አሉ እትዬ ጤናዬ። «ከዚያ ወዲያ እኔን ለምን ትልኩኛላችሁ? ለቀልድ?»

ለዶክተር ማውሮ ደውላ ነገሩን ማስረዳቱ ከሁሉ የባሰ ነበር። «እያሰቡ ነው ማለት ምን ማለት ነው? ምኑን ነው የሚያስቡት?» ይላሉ።

«አያስቡም፣ ዶክተር። ወስነዋል። ውሳኔውን የሚናገሩበት ቀን ነው ያልደረሰው።»

ከዚያ «ሂጂና ራስሽ ጠይቂያቸው» አሏት። «ግን እንዳትረሺ፤ ድምፅ በሚሰጥበት ቀን አደባባይ ላይ መቀስቀስ በሕግ ክልክል ነው። ቤታቸው ሄደሽ፣ እንደ እንግዳ፣ በለሆሳስ።»

ሰብለ ሳቋ መጣ። ሕጉ ተናገሪ ሲላት ከርሞ እሷ ዝም ብላ፣ አሁን አፏን ልትከፍት ስትነሣ ሕጉ ዝም በዪ አላት። እንዲህ የገዛ ጥላዋን የምታሳድድ ዕጩ በሮም ታሪክ ተገኝታ ታውቅ እንደሆነ እንጃ።

ሰኞ ጠዋት የወይዘሮ ሐይማኖትን ፎቅ ወጣች። ሊፍት ነበረው፤ እሷ ግን ደረጃውን መረጠች፣ መንገዱ እንዲረዝምላት። በየፎቁ ትቆማለች፣ የምትለውን ትለማመዳለች፣ ይጠፋባታል። በሩን ወይዘሮ ሐይማኖት ሽርጣቸውን እንደ ታጠቁ ከፈቱላት።

«ሽማግሌዎቹ ምን ሆኑ? ሰው ሞተ?»

«አልሞተም። እኔው ነኝ የመጣሁት።»

«አንቺው!» ወይዘሮ ሐይማኖት ወዲያና ወዲህ ኮሪደሩን አዩ፣ ጎረቤት አይቶ እንዳይሆን። «ግቢ በይ ቶሎ። ተቀመጪ።»

«ጉዳዬን ሳልናገር አልቀመጥም።»

«እሱን እኮ ሽማግሌ ነው የሚለው!»

«ዛሬ ሽማግሌዋም እኔ ነኝ» አለች ሰብለ፤ ካለችው በኋላ ራሷም ደነገጠች። ከዚያ የተለመደው አመል ያዛት። «እንግዲህ እትዬ፣ እኔ ያን ያህል የምረባ ሰው አይደለሁም...»

«ካልረባሽ ታዲያ ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

ሰብለ ያዘጋጀችው ሁሉ ጠፋባትና የመጣላትን ተናገረች።

«እትዬ፣ ሰው ቤት ሲያድሩ ሐሙስ ሐሙስ የት ነበር የሚቀመጡት?»

ወይዘሮ ሐይማኖት ማማሰያቸውን አስቀመጡ። «ቴርሚኒ። ባቡር እንደሚጠብቅ መንገደኛ። ፖሊስ ተነሺ እንዳይለኝ የድሮ ቲኬት ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ነበር የምቀመጠው። አንዴ አንዱ ቲኬቱን አየና ‹ሲኞራ፣ ይሄ ባቡር ከሄደ ዓመት ሆኖታል› አለኝ።» ሊስቁ ሞከሩ፤ ግማሹ ቀረ።

«እናቴም እዚያው ነበረች» አለች ሰብለ። «አዳራሹ ደግሞ እዚሁ አጠገባችን ተቆልፎ ይውላል። ዶክተር ማውሮ አያስከፍቱትም፤ የት እንዳለም አያውቁም። ሎሬዳናም አታስከፍተውም፤ ሐሙስ ምን እንደሆነ አልደረሰባትም። እኔ አስከፍተዋለሁ። ከእነሱ ሁሉ እኔ እሻላለሁ።» ከዚያም ጨመረች፤ «ምረጡኝ።»

ወይዘሮ ሐይማኖት አንድ ጊዜ እሷን፣ አንድ ጊዜ ድስቱን አዩ።

«እኔና ባለቤቴ ትናንት ከሰዓት መርጠን ተመልሰናል» አሉ በመጨረሻ።

«ማንን?»

«ሎሬዳናን።»

«እንዴ፣ ለምን እትዬ?»

«ዓርብ ለታ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ‹ሲኞራ፣ ምረጪኝ› አለች፤ እንዲሁ፣ ልክ ጨው አበድሪኝ እንደሚባል። ደጅ ድረስ የመጣ ሰው እንቢ ይባላል? ያንቺ ቀጠሮ ገና ነው፤ ወረቀቱን ባዶውን መመለስም ነውር ነው ብለን...» ወይዘሮ ሐይማኖት መሐረባቸውን አስተካከሉ። «ምነው ታዲያ አንቺም እንደዚህ ብለሽ ቢሆን?»

ሰብለ አሁን ሳትጋበዝ ተቀመጠች።

«ልጆቹ ግን አልመረጡም» አሉ ወይዘሮ ሐይማኖት፣ ትንሽ አስበው። «እነሱ ሁሉን ነገር የመጨረሻው ሰዓት ላይ ነው የሚያደርጉት። ሩፋኤል! ማርቲ! ውጡ እስቲ!»

ሩፋኤል በአንድ እግሩ ካልሲ ብቻ አድርጎ ከመኝታ ቤት ወጣ። ዕድሜው ሃያዎቹን አጋምሷል፤ አማርኛ ይሰማል፣ ሲናገር ግን በጣልያንኛ ነው። እናቱ ነገሩን ሲነግሩት ሰብለን ትኩር ብሎ አያትና ለምን አስቀድማ እንዳልተናገረች ጠየቃት። እሱማ መጀመሪያውኑ ሊመርጣት ነበር፤ «ቀጠሮው አልደረሰም» ብለው የያዙት እናቱ ናቸው።

«አሁን ፈቅጃለሁ» አሉ ወይዘሮ ሐይማኖት። «ካልሲህን ፈልግ።»

ሰብለ ከዚያ ቤት ወጥታ ሌሎቹን ቤቶች ማንኳኳት ያዘች። ገሚሱ ሥራ ሄዷል። ገሚሱ እንደ ወይዘሮ ሐይማኖት ለሎሬዳና ሰጥቷል። አንዲት እናት ሽማግሌ ልኮ ራስ መምጣት በዘራችን የለም ብለው በሩን በቀስታ ዘጉባት። በእያንዳንዱ ደጅ ላይ ግን ቃሉ ከፊተኛው ይልቅ እየቀለላት ሄደ። ኋላ ኋላማ ሰላምታ ሳታስጨርስ «ምረጡኝ» ትል ጀመር፤ አንድ አባወራ ዕዳ ሊጠየቁ መስሏቸው ደንግጠው ነበር። ምርጫ ጣቢያው የሆነው ትምህርት ቤት በሩን ሲዘጋ፣ ሰብለ መናገር የለመደች፣ የሚሰማት ግን ያለቀባት ሴት ሆና መንገድ ላይ ቀረች።

አልተመረጠችም። የዶክተር ማውሮ ዝርዝር ያገኘው አንድ ወንበር ብቻ ሲሆን፣ ያንን የወሰደው ቤት ደላላ የሆነ ሰው ነው፤ እሱ ለቅሶ ቤት እንኳ ገብቶ ድምፅ ከመጠየቅ ወደ ኋላ የማይል ነበር። ሰብለ ከእሱ ቀጥላ ወጣች። ልዩነታቸው የአንድ ቤተሰብ ያህል ነበር። ጃኬቱን ልትመልስ ሱቅ ሄደች፤ ቀኑ አልፏል አሏት።

እሷ ነገሩ አበቃ ብላ ተኝታ ሳለች፣ እሑድ እትዬ ጤናዬ ደወሉ። «ልበሺ። ቀጠሮ ነው።»

«እትዬ! ምርጫው አልቋል እኮ።»

«ምርጫው ያልቅ። እኛ ቃል አለብን። አንቺም ነይ፤ አንዴ ተዋርደሻልና ከእንግዲህ ብትመጪ ምንም አይልሽም።»

የወይዘሮ ሐይማኖት ቤተሰብ አገር ልብሱን ለብሶ ተሰብስቦ ጠበቃቸው። ሽማግሌዎቹ ቆሙ፣ እንዲቀመጡ ተለመኑ፣ ተቀመጡ። የቤቱ አባወራ ተነሥተው፣ በብርቱ እንደ መከሩበትና ድምፃቸውን ለሰብለወንጌል እንደ ሰጡ አስታወቁ። ወይዘሮ ሐይማኖት እልል አሉ። አቶ ወንዳፍራሽ እንደ ታዘዙት ሳል ሳል አሉ። ሰብለ በመስታወት ፊት እንቢ ያላት እንባ ያን ጊዜ መጣ፤ የሳቅ ይሁን የሌላ ለራሷም አልገባትም።

«ታዲያ» አሉ ወይዘሮ ሐይማኖት፣ «የሰጠነው ድምፅ ሜዳ ላይ አይወድቅም። ለሚመጣው ምርጫ ነው። እንዳትሸሺ ዋስ ጥሪ።»

ሰብለ ከእንግዲህ እንደማትወዳደር ልትናገር አፏን ስትከፍት፣ «እኔ ዋሷ ነኝ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። አቶ ወንዳፍራሽ ነበሩ። እትዬ ጤናዬ ገላመጧቸው፤ ነገር ግን ዋስትና አንዴ ከተነገረ አይመለስም።

«አዳራሹስ?» አሉ ወይዘሮ ሐይማኖት።

«አልተመረጥኩም እኮ፣ እትዬ። በምን ሥልጣን?»

«እኔ ቤት ስትመጪ በምን ሥልጣንሽ መጣሽ?»

ስለዚህ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ከቅስቶቹ ሥር ያሉት ሴቶች ሁሉ ተነሥተው ወደ ሙኒቺፒዮው ሄዱ። ሎሬዳና ተመርጣ ቢሮ ይዛለች፤ ሐሙስ ሰው ትቀበላለች ተብሏል። በሩ ጋ ሲደርሱ ሰልፉ ቆመ። ማን ይቅደም?

«እትዬ ጤናዬ፣ ይግቡ።»

«ኧረ ሐይማኖት ትቅደም፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር እያለች!»

«እኔ? እርስዎ እያሉ? በእመቤቴ!»

«አበበች፣ አንቺ ግቢ።»

«ታላቄን ቀድሜ? ምነው፣ ምን በደልኩሽ?»

የሙኒቺፒዮው ተላላኪ በሩን በእጁ ይዞ ከአንዷ ወደ ሌላዋ እያየ ቆመ። ክንዱ ዛለ። «አሎራ፣ ሲኞሬ?» አለ።

ሰብለ ወዲያና ወዲህ አየች። ዕድሜዋ ከሁሉም ያንሳል። ወግ ቢሆን መጨረሻ መግባት ነበረባት። ያንን ያልመለሰችውን ጃኬት ወደ ታች ሳብ አደረገች፣ ይቅርታ እንኳ ሳትል በሁሉም መካከል አልፋ ገባች። ከኋላዋ እትዬ ጤናዬ «ወይ አስተዳደግ!» ሲሉ ሰማቻቸው፤ ወዲያው ደግሞ የሁሉም ጫማ እየተንኳኳ ተከተላት።

ሎሬዳና ከጠረጴዛዋ ቀና ብላ ምን እንደሚፈልጉ ጠየቀች።

«የሐሙሱን አዳራሽ ቁልፍ» አለች ሰብለወንጌል፣ ቆማ።